የኪቶን አሮጌ ከተማ በእግር ስዞር

ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ የመዘገባቸው ቦታዎች 12 ብቻ ነበሩ። ዓመቱ 1978 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ሁለቱ ደግሞ የደቡብ አሜሪካዋ ኢኳዶር ናቸው፤ የጋላፓጎስ ደሴቶችና ዋና ከተማዋ ኪቶ። በዚያ የመጀመሪያ መዝገብ ላይ ከተማ ሆነው የሰፈሩት ኪቶና የፖላንዷ ክራኮው ብቻ ናቸው።

ተራራ ሲመዘገብ ይገባኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲመዘገብም ይገባኛል። ሰው ሽንኩርት የሚያቁላላበት፣ ልጅ የሚድርበት፣ ኪራይ የሚከፍልበት፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያስጠግንበት ከተማ ግን እንዴት ሆኖ ነው ቅርስ የሚሆነው? ማንን አስፈቅዶ? ለማንስ ሲባል? ኪቶ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄው ግን ለዓመታት አብሮኝ ስለኖረ፣ ሥራ ያልነበረኝን የመጀመሪያውን ጠዋት አሮጌውን ከተማ በእግር ለሚያዞሩ አስጎብኚዎች ሰጠሁት።

ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ደጋ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሆኖም ከእኛ በብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ማለቷ ዳገት ሲወጡ ይታወቃል። ጠዋት አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ የሚወርድ ዝናብ፣ ማታ ጋቢ የሚያስመኝ ብርድ። የምድር ወገብ ከከተማዋ በስተሰሜን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። በምዕራብ በኩል ፒቺንቻ የተባለው እሳተ ገሞራ ቆሞባታል። ከጫፎቹ አንዱ የሆነው ጓጓ ፒቺንቻ 4,784 ሜትር ከፍታ ሲኖረው እስከ ዛሬም አልሞተም፤ በ1660 ፈንድቶ ከተማዋን በአመድ አልብሷታል፣ በ1999ም እንደገና አመዱን በትኗል። በተራራው ወገብ ላይ ተሰልፎ ያየሁት ዛፍ ግን ሌላ ሳይሆን የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነበር። ወደ ኢኳዶር የገባው በ1860ዎቹ፣ በፕሬዚዳንት ጋብሪኤል ጋርሲያ ሞሬኖ ዘመን ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ አፄ ምኒልክ ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር በዚሁ ዛፍ መላ ፈለጉለት። ደናቸውን ጨርሰው እንጨት ያጡ ሁለት የደጋ ከተሞች ከአውስትራሊያ በመጣ አንድ ዛፍ ሲድኑ አስቡት።

አስጎብኚያችን ያደገችው እዚያው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ እንደ ታላቅ እህት የምትቆጣም የምታባብልም ሰው እንደነበረች ግን ልናገር። ገና ስንነሳ ሁለት ነገር አስጠነቀቀችን፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ከየበሩ በስተጀርባ ያለውንም ለማየት ሞክሩ። ሁለተኛውን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። የኪቶ ቤቶች ከመንገድ ሲታዩ ነጭ የኖራ ግድግዳና ከባድ የእንጨት በር ብቻ ናቸው። ኑሮው ያለው ከውስጥ ነው፤ በአራት ማዕዘን ግቢ ዙሪያ ክፍሎች ይደረደራሉ፣ መሐሉ ላይ የውኃ ጉድጓድ ወይም አበባ ይኖራል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ በረንዳው ዙሪያውን ይሄዳል። ቱሪስት ፊቱን አይቶ ያልፋል፤ ነዋሪው ግን የሚኖረው ጀርባው ውስጥ ነው።

ጉዞው የሚጀምረው ፕላሳ ግራንዴ ከሚባለው አደባባይ ነው። በአንድ በኩል የፕሬዚዳንቱ ካሮንዴሌት ቤተ መንግሥት፣ በሌላው ካቴድራሉ፣ በሦስተኛው የሊቀ ጳጳሱ ግቢ፣ በአራተኛው ማዘጋጃ ቤቱ። ስፔናውያን ከተማዋን የመሠረቱት በታኅሣሥ 1534 ነው፤ ከመድረሳቸው በፊት አገሩን ይገዛ የነበረው የኢንካ መንግሥት የጦር አለቃ ሩሚኛዊ ለጠላት እንዳትተርፍ ብሎ አቃጥሏታል። ስለዚህ የኢንካዋን ኪቶ ቆማ ማየት አይቻልም። ያለችው በአመዷ ላይ በስፔን ሥርዓት የተቀየሰችው ናት፤ መንግሥቱም ቤተ ክህነቱም አንድ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ተደርገው ተቀምጠዋል። የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት በታች፣ ወለሉን ተሸክሞ በቆመው ግንብ ውስጥ፣ ከመንገዱ ጋር የተያያዙ ጠባብ ሱቆች አሉ። ፕሬዚዳንቱ ከላይ፣ ቸርቻሪው ከሥር። በአደባባዩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ጡረተኞች ጋዜጣ ዘርግተው ይከራከራሉ፤ ሊስትሮዎች ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ጫማ ይጠርጋሉ። ቤተ መንግሥት ያለበትን መንገድ በፍጥነትና በዝምታ ማለፍ ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ያ ጸጥታ ሁልጊዜ አልነበረም። ባሕር ዛፉ በዘመኑ የገባው ያው ጋርሲያ ሞሬኖ በነሐሴ 6 ቀን 1875 በዚሁ ቤተ መንግሥት ደጃፍ በገጀራ ተመትቶ ወደቀ፤ ተሸክመው ወደ ካቴድራሉ አስገቡት፣ እዚያው ነፍሱ ወጣች። በካቴድራሉ ውስጥ የማርሻል አንቶኒዮ ሆሴ ደ ሱክሬ መቃብር አለ። ሱክሬ በግንቦት 24 ቀን 1822 በፒቺንቻ ተራራ ላይ የስፔንን ጦር ድል አድርጎ ኪቶን ነጻ ያወጣ ሰው ነው። የኢኳዶር ገንዘብ ከመቶ ዓመት በላይ በስሙ ይጠራ ነበር፤ ከባድ የባንክ ቀውስ መጥቶ አገሪቱ በ2000 ገንዘቧን ትታ ዶላር እስክትይዝ ድረስ። አስጎብኚያችን እናቷ በሱክሬ ያጠራቀመችው ቁጠባ በዚያን ጊዜ ምን እንደደረሰበት በአጭሩ ነገረችንና ወደ ሌላ አለፈች። እኛም አልጠየቅናትም።

ከካቴድራሉ አጠገብ ኤል ሳግራሪዮ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ከእርሷ ጋር የተያያዘው ቤት ማኑኤላ ካኚሳሬስ የተባለች ሴት ትኖርበት ነበር። በነሐሴ 9 ቀን 1809 ሌሊት የኪቶ ሊቃውንትና መኮንኖች በእርሷ ቤት ተሰብስበው ሲመካከሩ አደሩ፤ ሲነጋ የስፔኑን ገዢ አውርደው የራሳቸውን ምክር ቤት አቆሙ። ወንዶቹ ሲያመነቱ የገሠጸቻቸውም እርሷ እንደሆነች ይተረካል። ምክር ቤቱ ብዙ አልቆየም። መሪዎቹ ታስረው፣ በዓመቱ በነሐሴ 2 ቀን 1810፣ እስር ቤታቸው በነበረው የጦር ሰፈር ውስጥ ተገደሉ፤ በዚያው ቀን ወታደሮቹ ወደ ጎዳና ወጥተው በመቶዎች የሚቆጠር ነዋሪ ፈጁ። ሰፈሩ ዛሬ የባህል ማዕከል ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ግድያው በሰም ምስሎች ተሠርቶ ይታያል፤ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። የየካቲት 12ን ሐውልት እያየ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከእኛ ጋር የነበሩት ወጣት ጎብኝዎች ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ አየሁ፤ አመሰገንኳቸው በልቤ።

ቀጥሎ ላ ኮምፓኒያ ነው፤ ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ቤተ ክርስቲያን። ሥራው በ1605 ተጀምሮ በ1765 ነው የተጠናቀቀው፤ 160 ዓመት። ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ የስፔን ንጉሥ ኢየሱሳውያኑን ከግዛቱ ሁሉ አባረራቸው። ስድስት ትውልድ የደከመበትን ቤት በደንብ ሳይጸልዩበት ጥለው ሄዱ። የፊት ለፊቱ ግንብ ከእሳተ ገሞራ ግራጫ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ ዐምዶቹ እንደ ገመድ ተጠማዝዘው ይወጣሉ። ከውስጥ ግን ወርቅ ነው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መሠዊያው፣ መስበኪያው በስስ የወርቅ ልባጥ ተሸፍኗል። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ውበቱን አልክድም፤ ግን ደረቴ ላይ የከበደኝ ነገር ነበር፣ እርሱን ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ አስረዳለሁ። እዚህ የማረከኝ ከመግቢያው አጠገብ የተሰቀለው ትልቁ የገሃነም ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ኃጢአተኛ እንደ ሥራው ይቀጣል፤ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የምናውቀው ዓይነት፣ ማንበብ ለማይችል ምእመን የተሳለ ትምህርት ነው። ከፊቱ የቆሙ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን እየጠቆሙ ሲያስረዱት አየሁ፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ላ ኮምፓኒያ ዛሬ ቆሞ የሚታየው በብዙ ልፋት ነው። ደወል ቤቱን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመሬት መንቀጥቀጥ ወስዶታል። በ1987 ሌላ መንቀጥቀጥ አሮጌውን ከተማ ሁሉ ሰነጠቀው። በ1996 ጥገና ላይ ሳለ እሳት ተነሥቶ መሠዊያዎቹን በላ። ከ1987ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ የከተማዋን ቅርስ ለማዳን ከግብር ገቢ የሚደጎም ቋሚ ገንዘብ በሕግ ተቋቋመ። ብዙዎቹ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት የዳኑት በዚህ ነው። ይህ ለወሬ የማይመች፣ አሰልቺ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ከወርቁ ይልቅ እርሱን አደነቅኩ። ቅርስ የሚፈርሰው በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ መጠገኛ ገንዘቡም በየዓመቱ ሊመጣ ይገባል። አንድ ጊዜ በለጋሽ ዶላር ተጠግኖ ለሃያ ዓመት የሚረሳ ቅርስ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

አሁን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ። አደባባዩ ሰፊና ተዳፋት ነው፣ ጥርብ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ከስፔናውያን በፊት የአገሬው ሰው ገበያ የሚቆምበት ሜዳ ነበር። ገዳሙ የተጀመረው ከተማዋ በተመሠረተች በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ መሥራቹ ሆዶኮ ሪኬ የተባሉ ከፍላንደርስ፣ ከዛሬዋ ቤልጂየም፣ የመጡ መነኩሴ ናቸው። ስንዴን ወደ ኪቶ ያመጡትም እርሳቸው ናቸው ይባላል። መነኮሳቱ ለአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ዜማ፣ ግንበኝነት አስተማሯቸው። ከዚያ ትምህርት የተወለደው የኪቶ የጥበብ ወግ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ሥራውን ወደ ውጭ አገር እስከ መላክ ደረሰ። በገዳሙ ትልቅ መሠዊያ ላይ ቤርናርዶ ደ ሌጋርዳ በ1734 የቀረጻት ክንፍ ያላት ድንግል ማርያም አለች፤ ዘንዶውን ረግጣ፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ ልትበር የተነሣች ትመስላለች። ከከተማዋ በላይ በፓኔሲዮ ኮረብታ ላይ የቆመው ግዙፍ የአሉሚኒየም ሐውልት የእርሷ ቅጂ ነው። ትልቁ ከየትኛውም ሰፈር ይታያል፤ ትንሿን ያየ ሰው ግን ትልቁን አይመኝም።

አስጎብኚያችን ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አስቀመጠችንና የካንቱኛን ታሪክ ነገረችን። ካንቱኛ የአገሬው ተወላጅ የሆነ ግንበኛ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም በተወሰነ ቀን ሠርቶ ለማስረከብ ተዋውሎ ቀኑ ደረሰበት፤ ሥራው ግን አላለቀም። እስር ቤት ሊገባ ሲል ሰይጣን መጣና በነፍስህ እንስማማ አለው፤ እስኪነጋ ሠርቼ እጨርሳለሁ። ካንቱኛ አንድ ድንጋይ ሳይቀር ካለቀ በሚል ውል ተስማማ። ሌሊቱን አጋንንቱ እየተሯሯጡ ገነቡት። ሊነጋጋ ሲል ካንቱኛ አንዲት ድንጋይ እንደጎደለች አሳየ፤ ውሉ ፈረሰ፣ ነፍሱም ዳነች። የጎደለችዋ ድንጋይ የት እንደሆነች ሰው ሁሉ የየራሱን ቦታ ያሳያል።

ጎብኝዎቹ ሳቁ፤ እኔ ላሊበላ ትዝ አለኝ። በእኛ ዘንድ አብያተ ክርስቲያናቱን ሰዎች ቀን ሲፈለፍሉ መላእክት ሌሊት ይቀጥሉ ነበር ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያደግኩበት ታሪክ ነው፣ እወደዋለሁም። ኪቶ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ግን ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቆሙ አዲስ ነገር አየሁ። በሁለቱም አገር ሕዝቡ ሥራውን አይቶ ይህ ከሰው ክንድ በላይ ነው ብሏል። እኛ ለሥራው መላእክትን ስንሰጠው፣ ኪቶዎች አጋንንትን ሰጡት። ልዩነቱ ከየት መጣ? የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ላሊበላን የፈለፈለው ሰው ለራሱ ንጉሥና ለራሱ አምላክ ነው የሠራው። ኪቶን የገነባው ሰው ግን በግዳጅ ነው የተሰለፈው። ስፔናውያን ከኢንካዎቹ በየተራ የመሥራት ሥርዓት ወስደው የግዳጅ ጉልበት አደረጉት፤ ድንጋዩን ከተራራ ያወረደው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ጣውላውን የተሸከመው የአገሬው ገበሬ ነው። አምላኩ ተቀይሮበት፣ ከተማው ተቃጥሎበት፣ በአመዱ ላይ ለሌላ ሰው ቤት ሠራ። ያን ሌሊትና ያን ሥራ ሰይጣን አለበት ቢለው አይፈረድበትም። ላ ኮምፓኒያ ውስጥ ወርቁን ሳይ የከበደኝም ይኸው ነው። ደስ የሚለኝ ግን ታሪኩን ሲተርከው ካንቱኛን አሸናፊ ማድረጉ ነው። አንዲት ድንጋይ ደብቆ ነፍሱን ያዳነ አንድ የአገሬው ሰው።

ከዚያ መሐል ስማቸው የተረፈልን ጥቂቶች አሉ። ካስፒካራ በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ማኑኤል ቺሊ የአገሬው ተወላጅ ቀራጭ ነበር፤ የእንጨት ሥራዎቹ ሥጋ የለበሱ ይመስላሉ። ሌላው ከዚያው መንገድ ዝቅ ብሎ ካለው ከሳን ሁዋን ደ ዲዮስ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው። ሆስፒታሉ በ1565 ተቋቁሞ እስከ 1974 በሽተኛ ሲቀበል ቆይቶ ዛሬ የከተማዋ ሙዚየም ሆኗል። ኤውሄኒዮ ኤስፔሆ አባቱ የአገሬው ተወላጅ ሆኖ በዚህ ሆስፒታል ያገለግል ነበር፤ ልጁ ሐኪም ሆነ። በ1785 ስለ ፈንጣጣ መከላከያ ጻፈ፤ በሽታው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ይተላለፋል የሚል ሐሳብ በዚያ ዘመን አነሣ። በ1792 የኪቶን የመጀመሪያ ጋዜጣ አሳተመ። ስፔንን የሚተች ብዕር ስለነበረው ታሰረ፤ በ1795 ከእስር እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ማኑኤላ ካኚሳሬስ ቤት ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል የእርሱን ሐሳብ የተከተሉ ነበሩ። በሆስፒታሉ ረጅም የሕሙማን አዳራሽ ውስጥ፣ አልጋዎቹ በግድግዳው ውስጥ በተበሱ ቅስቶች ሥር የነበሩበትን ቦታ እያየሁ ስለ ኤስፔሆ ብዙ አሰብኩ። ከጎብኝዎቹ መካከል ስሙን ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ገበያው ስንገባ አፍንጫዬ ቀድሞኝ ገባ። በሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ውስጥ የመድኃኒት ዕፅ የሚሸጡ ሴቶች ተራ ይዘው ይቀመጣሉ። ጤና አዳም፣ ሳማ፣ ባሕር ዛፍ፣ ካሞሜላ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ቅጠል በእስር በእስሩ ተደርድሯል። የታመመ፣ የደነገጠ፣ ዓይን ያደረበት ሰው ይመጣል፤ ሴትዮዋ በመጋረጃ ጀርባ አስቁማ ቅጠሉን በገላው ላይ እየመታች በጸሎት ታጸዳዋለች። ሳማውን ቆዳው ቀይ እስኪሆን ነው የሚያሳርፉት። አንዲት እናት የጤና አዳሙን እስር ሲያሸቱኝ፣ ስሙንና አጠቃቀሙን በምልክት ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ቡና ውስጥ እንደምንጨምረው ሲገባቸው ለጎረቤቶቻቸው ጮክ ብለው አወጁ፤ የተራው ሴቶች ሁሉ ከበው አዩኝ። ዕፁ እዚያ የደረሰው ከሜድትራንያን አካባቢ ከስፔናውያን ጋር ነው፤ ሥራ ላይ ያዋለው ግን የአንዲስ ተራሮች ሰው በራሱ መንገድ ነው። ከጉብኝቱ ሁሉ በጣም የተደሰትኩበት ሰዓት ይህ ነበር።

በኪቶ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ሜዳ አይደለም። ከፒቺንቻ የሚወርዱ ጥልቅ ፈፋዎች ከተማዋን ይቆርጧት ነበር፤ ቀያሾቹ ቀጥ ያሉ መንገዶቻቸውን በላያቸው ለማሳለፍ በቅስት ተሻገሯቸው፣ በኋላም ሞሏቸው። የግንቦት 24 ስም የተሰጠው ሰፊ ጎዳና የኢየሩሳሌም ፈፋ ይባል በነበረው ገደል ላይ የተዘረጋ ነው። ከእርሱ አጠገብ ላ ሮንዳ አለች፤ ጠባብ፣ ጠማማ፣ በረንዳዎቿ አበባ የተንጠለጠለባቸው መንገድ። ቆርቆሮ ሠሪ፣ ባርኔጣ ሠሪ፣ የእንጨት መጫወቻ የሚቀርጽ ባለሙያ በየበሩ አሉ። ማታ ማታ በቀረፋ የተፈላ ትኩስ የአገዳ አረቄ ይሸጥባታል፣ ጊታር ይሰማባታል። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ሙሉ በሙሉ አድሷታል፤ ከዚያ በፊት ሰው የሚፈራት ጎዳና ነበረች።

አስጎብኚያችን ላ ሮንዳ ስንደርስ ድምጿ ተለወጠ። የአያቷ ቤት ከዚያ ብዙም የማይርቅ ሰፈር ነበር፤ በአንድ ግቢ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖርበት ነበር፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ፣ የገና በዓል በጋራ። ዛሬ ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፣ ላይኛው ፎቅ የሱቆቹ ዕቃ ማከማቻ። እርሷ የምትኖረው በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ ነው። ወደ ተወለደችበት ሰፈር የምትመጣው ለሥራ ብቻ ነው። ይህ የእርሷ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ የአሮጌው ከተማ ነዋሪ ቁጥር ለአሥርት ዓመታት ሲቀንስ ነው የኖረው። በቀን ሰው ይጨናነቅበታል፣ ሱቆቹ ሲዘጉ ባዶ ይሆናል።

ከተማዋን ለማስዋብ የተደረገው ሁሉ ነዋሪውን ለማቆየት አልረዳም፤ አንዳንዱም ገፍቶታል። በ2003 በሺዎች የሚቆጠሩ የጎዳና ነጋዴዎች ተነሥተው ወደ ገበያ ማዕከላት ገቡ። መንገዶቹ ተከፈቱ፣ ግንቦቹ ታዩ፣ እግረኛው ተነፈሰ፤ ይህን አልክድም። ግን ዛሬም ማንጎና አቮካዶ በቅርጫት ይዛ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጥግ የምትይዝ ሴት አየሁ፤ ከአዲስ አበባዋ በቋንቋዋ ብቻ ትለያለች። ደግሞም ይህ ማዕከል የቱሪስት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየ ጊዜ አለ። በጥቅምት 2019 መንግሥት የነዳጅ ድጎማ ሲያነሣ የአገሬው ተወላጆች ከየተራራው ወርደው አሮጌውን ከተማ ሞሉት፤ ፕሬዚዳንቱ የመንግሥቱን መቀመጫ ለጊዜው ወደ ጓያኪል ከተማ አዛወረ፣ በመጨረሻም ውሳኔውን ሻረ። ሰው ብሶቱን ይዞ የሚመጣበት አደባባይ ገና አልሞተም ብዬ አምናለሁ።

አስጎብኚያችን ስለ ነዋሪዎች ስታወራ የእኛን አገር ከማሰብ ራሴን መከልከል አልቻልኩም። ከኪቶ ጋር በአንድ ቀን የተመዘገበችው ላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ቅርሱን ለመጠበቅ ተብሎ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩባት ከተማ ናት። በ2024 ደግሞ ብዙ የፒያሳ መንደሮች ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ዳርቻ ሄደ። የፒያሳን ቤት ውስጡን ለማያውቅ ሰው ያረጀ ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑ እውነት ነው፣ እዚያ ይኑሩ ብሎ መፍረድም አይቻልም። የሚያሳዝነኝ የቤቱ መፍረስ ብቻ አይደለም። ዕድሩ፣ የደብሩ ማኅበር፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ አሮጊቷን በየጠዋቱ አንኳኩቶ የሚጠይቃቸው ጎረቤት አብሮ መበተኑ ነው። ኪቶ ግንቦቹን አቆይታ ሰዎቹን እያጣች ነው፤ እኛ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አጣናቸው።

ጉብኝቱ ያለቀው እንደገና ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ላይ ነው፤ ከሥሩ የሜትሮ ጣቢያ አለ። ባቡሩ በታኅሣሥ 2023 ለሕዝብ አገልግሎት የጀመረ ሲሆን ከ15 ጣቢያዎቹ በአሮጌው ከተማ ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ሲቆፈር ብዙ ክርክር ነበር፤ የገዳሙ ግንብ ይሰነጠቃል ተብሎ ተፈርቷል፣ አርኪዮሎጂስቶችም ቁፋሮውን እየተከታተሉ ከሥሩ የወጣውን መዝግበዋል። አሁን አስጎብኚያችን በእርሱ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። ጉርሻዋን ሰጥቼ ስንሰነባበት አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፤ ወደዚህ ተመልሰሽ ለመኖር ምን ቢሟላልሽ ነው? ጊዜ አልወሰደባትም፤ መልሱን ለሌላም ሰው ደጋግማ የሰጠችው ይመስለኛል። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፍት የሆነ ዳቦ ቤት። ልጄ ሲያተኩሰው ሌሊት የሚከፍትልኝ መድኃኒት ቤት። የራሴ ወጥ ቤትና የራሴ መታጠቢያ ያለው፣ በመምህር ደመወዝ የሚከራይ ክፍል፤ ባሏ መምህር ነው። ግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ቢያንስ ሦስት ቤተሰብ። ሙዚየም ግን አይጨመርልን፣ ያለው ይበቃል አለችኝ። ከዚያም ማዘጋጃ ቤቱ አድሶ ለመኖሪያ ያዘጋጃቸው ጥቂት አሮጌ ቤቶች እንዳሉ፣ ለአንዱ ማመልከቻ ማስገባቷንና መልስ እየጠበቀች መሆኑን ነገረችኝ።